አክተሩ የሞተበት ፊልም

ጋሼ ምትኩ ድሬዳዋ እህታቸው ቤት ማረፋቸውን የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። በእጄ የያዝኩትን ጨርቅ አስቀምጬ አማተብኩ። ከዚያ ሳላስበው ሳቄ መጣ። ልጄ ጥሩወርቅ ደነገጠች።

«እማዬ፣ ሰው ሞተ ሲሉሽ ትስቂያለሽ?» አለችኝ።

እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልኝ። እኔ ግን የሳቸውን ነገር ሳነሣ አስቀድሞ የሚመጣልኝ ሳቅ ነው፤ ምስጋናው የሚመጣው ከሳቁ በኋላ ነው። ጥሩወርቅ «እንግዲያው ጻፊልኝ» ስላለችኝ ይህን ጻፍኩ። ብዙ መናገር አልወድም፤ ያየሁትን ብቻ እላለሁ።

ጋሼ ምትኩ የካውቦይ ፊልም ሠሪ ነበሩ። ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። እኛ የምንኖረው መርካቶ፣ ከተክለ ሃይማኖት ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነበር። ከበሩ ሲገባ በስተግራ የሳቸውና የእናታቸው ቤት፣ በስተቀኝ የእኔና የባለቤቴ። እንጀራቸው ሰፈራችን በነበረው ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ማንቀሳቀስ ነው። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ለዓመታት የፈረንጅ ካውቦይ ሲያዩ ኖሩና፣ አንድ ቀን ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያን አሮጌ የፊልም ካሜራ ገዙ። እንደ ጠረጴዛ ሰዓት በቁልፍ የሚሞላ፣ ድምፅ የማይቀዳ ካሜራ ነበር።

«አስካለ፣ ፈረስ እኛም አገር አለ» አሉኝ ይዘውት የገቡ ዕለት። «አቧራ አለ። ሽፍታ አለ። የጎደለን ባርኔጣ ብቻ ነው።»

ባርኔጣውን ከልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች ገዙ። የስፌት መኪና ስለነበረኝ ሰደርያውን እኔ ሰፋሁ። ከዚያ ወዲያ የሠሩትን ፊልም ሁሉ ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ፈረሶቹ የጋሪ ፈረሶች ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን መርካቶ ለመርካቶ ሰው ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው። በመጀመሪያው ፊልም ሽፍታው ነጥቆ ያመልጣል፣ አክተሩ፣ ማለትም መልካሙ ጀግና፣ ያባርረዋል። ሽፍታው መሸሽ እንደጀመረ ዳር ቆመው የሚያዩ ሰዎች አጠገብ ሲደርስ ፈረሱ ቀጥ አለ። ተሳፋሪ ይጠብቃል።

«ንዳው እንጂ! ሽፍታ ተሳፋሪ ይጭናል?» ብለው ጮኹ ጋሼ ምትኩ።

«ጋሼ፣ ፈረሱ ምን አጠፋ? ሥራውን ነው የሚሠራ» አለ ባለጋሪው።

ወዲያው ከኋላ የመጣው የአክተሩ ፈረስም እዚያው ጎን መጥቶ ቆመ። አባራሪና ተባራሪ ጎን ለጎን ተያዩ። ጋሼ ምትኩ ይህን ከፊልሙ ቆርጠው አልጣሉትም። ፊልሙ ግቢያችን ውስጥ በእኔ አንሶላ ላይ ሲታይ ሰው ከሁሉ አብልጦ የወደደው ያንን ነው።

አክተሩ ሰይድ ይባላል። ጨርቅ ተራ የሚሠራ፣ ቁመቱ የሚያምር ጎልማሳ ነበር። ጠጅ ቤት ገብቶ ሽፍቶቹን የሚያይበት ቦታ አለ። ሰይድ ሙስሊም ነውና ጠጅ በአፉ አይዞርም፤ ስለዚህ በብርሌ ቀዝቃዛ ሻይ እንሰጠዋለን። በሌላው ፊልም ደግሞ የመጨረሻውን ተኩስ በርበሬ በረንዳ አደረጉት፤ እሑድ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ሁለቱ ሽጉጣቸውን ይዘው ፊት ለፊት ቆሙ። ነፋስ መጣ። ከመሬቱ የተነሣው አቧራ ግማሹ በርበሬ ነው። ሰይድ አነጠሰ። ሽፍታውም አነጠሰ።

«ሰይድ! አክተር አያነጥስም!»

«ጋሼ፣ አክተር አፍንጫ የለውም እንዴ?»

ጋሼ ምትኩም ካሜራው ላይ እንደተደፉ አነጠሱ። በፊልሙ ላይ አገሩ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎት ነበር።

አንድ ነገራቸውን ግን በጣም እወድ ነበር። ፊልም ሊያነሱ በሚወጡበት ዋዜማ ደጄ ላይ ቆመው «አስካለ፣ ነገ ማን ነው?» ይሉኛል። የወሩን በዓላት እኔ እንደማልስት ያውቃሉ።

«ነገ ሚካኤል ነው።»

«እንግዲያው ነገ ሰው አንገድልም። ፈረስ ብቻ እናስሮጣለን።»

በሠሩት ፊልም ሁሉ ውስጥ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም የሞተ ሽፍታ የለም። ሽፍታ የሆነው ሁሉ የሚሞትበትን ቀን ከእኔ ይጠይቅ ነበር።

እናታቸው እማማ ብርቄ አልጋ ላይ ከዋሉ ብዙ ጊዜያቸው ነው። ጋሼ ምትኩ ወደ ሲኒማ ቤት ከመሄዳቸው በፊት የእናታቸውን እግር በሞቀ ውኃ ሳያጥቡ አይወጡም። ሚስት አላገቡም። እማማ ብርቄ «ልጄ ፈረስ ሲያባርር አረጀ» ይላሉ። እሳቸውም ከስር ሆነው «ፈረሱም እኮ አርጅቷል እማዬ፣ እኩል ነን» ይላሉ።

ዘጠነኛውን ፊልም ሲያስቡ ሳይስቁ አየኋቸው። ያን ጊዜ በሲኒማ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ልጅም አዋቂም ያውቀዋል። አክተር አይሞትም።

«ይህ ነገር ውሸት ነው አስካለ» አሉኝ። «መልካም ሰው ሲሞት አይተን የለም? እኔ አክተሩን እገድለዋለሁ። ገድዬውም አልተወውም። እናስቀብረዋለን።»

የዚያን ጊዜ ልጅ ከቀበርኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር።

ወንድ ነበር። አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ ሄደ። ለእንዲህ ያለ ሕፃን ፍትሐት የለም። ድንኳን አይተከልም፣ ጥሩምባ አይነፋም። ባለቤቴና አንድ ጎረቤት በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱት። ሴቶቹ «ተይ አታልቅሺ፣ እሱ ሌላ ይሰጥሻል» አሉኝ። በክፋት አይደለም። እኔም እሺ አልኩና ስፌቴ ላይ ተቀመጥኩ።

ለቀብሩ ጋሼ ምትኩ የእድራችንን ድንኳን ተዋሱ። ድንኳኑን የሚጠብቀው ጥሩምባ ነፊው ጋሼ በየነ ነው። እሱንም ለመኑት፤ ጥሩምባውን አፉ ላይ አድርጎ ቆሞ እንዲታይ ብቻ። ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው መንፋት አያስፈልግም። ከሰፈራችን ወረድ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ድንኳኑ ተተከለ። ሣጥን መጣ፤ በላዩ የሰይድ ባርኔጣ ተቀመጠ። ብርሃኑ የሚያምረው ማለዳ ነው ብለው ገና ፀሐይ ስትወጣ ጀመሩ።

ጋሼ በየነ ጥሩምባውን አፉ ላይ አደረገ። ነፋው።

እኔ ውኃ እየቀዳሁ ነበር። ጥሩምባ ማለዳ ሲነፋ ልብ ይወድቃል። ጋሼ በየነ የሟች ስም አልጠራም፤ ሰው ሁሉ ስሙ ያመለጠው መሰለው። ባልዲውን ትቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥኩ። ከየበሩ ሰው ይወጣል፤ ሁሉም ይሮጣል። በኛ ደንብ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። ሜዳው ዳር ስንደርስ ድንኳን አየን፣ ሣጥን አየን። አለቀስን።

እትዬ ዘነበች አጠገቤ ሆነው በለቅሶ መሐል «ባርኔጣ አለው፤ ፈረንጅ ይሆን እንዴ?» ይላሉ።

«ይሁን፤ የሰው ልጅ ነው» ይላሉ ሌላዋ፣ ደረታቸውን እየደቁ።

እኔ ባርኔጣውን አላየሁትም። ያየሁት ሣጥኑን ነው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ድምፄ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። አንድ ሰው ከኋላ ደግፎ እንደያዘኝ ብቻ አውቃለሁ።

ለቅሶው በረድ ሲል የእድሩ ዳኛ ባላምባራስ ወልዴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ ጋሼ ምትኩ ዞሩ።

«ምትኩ፣ ሟቹ ማን ነው?»

«አክተሩ ነው፣ ባላምባራስ።»

«አክተሩ የት ነው ያለው?»

ጋሼ ምትኩ በእጃቸው ወደ ዛፍ ጥላ አመለከቱ። «ያው፣ ሻይ ይጠጣል።»

ሰይድ ሲኒውን ይዞ ብድግ አለ። ከዚያ የመጣውን ጩኸት አልጽፈውም።

በሁለተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ክሱ ከባድ ነበር። ባላምባራስ ወልዴ ጨው በጅምላ የሚሸጡ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው።

«በዕድሜዬ ለብዙ ሰው አልቅሻለሁ» አሉ። «ለባዶ ሣጥን አልቅሼ አላውቅም። ነገ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው 'ደግሞ የምትኩ ፊልም ነው' ብሎ ቤቱ ቢቀር፣ ሬሳ ማን ያነሣል?»

ጋሼ በየነ ተነሣ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ያዘው ብቻ ብለውኝ ነበር። ግን ጥሩምባ አፌ ላይ ሆኖ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጉንጬ እምቢ አለኝ።»

የሳቁ ነበሩ፤ ባላምባራስ ግን አልሳቁም። ጋሼ ምትኩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«የበየነ ጥፋት አይደለም» አሉ። «ሰው እያለቀሰ ሲመጣ ማስቆም እችል ነበር። አላስቆምኩም። ካሜራዬን ሞላሁ።»

ፍርዱ ተሰጠ። ፊልሙ ለመታጠብ ባሕር ማዶ ተልኳል፤ ሲመለስ በእድሩ ፊት ይቃጠላል። እስከዚያ ምትኩ ከእድሩ ታግዷል። ካላቃጠለ ለዘለዓለም ይሰረዛል።

ከእድር መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም። እማማ ብርቄ በዚያ ሰሞን ውኃ እንኳ በማንኪያ ነበር የሚወስዱት።

በማግስቱ ጋሼ ምትኩ ደጄ ላይ ቆሙ። እንደወትሮው ነገ ማን እንደሆነ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

«ስምንቱ ፊልም ጨዋታ ነው አስካለ» አሉኝ። «ይህ ግን ሥራ ነበር። ሥራ ብዬ የምጠራው ይህን አንዱን ነው።»

«ያቃጥሉታል?»

«ምን ላድርግ? እናቴን ብቻዬን ተሸክሜ ልቅበራት?»

በጉባኤው መናገር ነበረብኝ፤ አፍሬ ቀረሁ። ሁለት ወር ሙሉ በጸሎቴ መሐል ይህ እየገባ አወከኝ።

ፊልሙ በቆርቆሮ ዕቃ ታሽጎ መጣ። ጋሼ ምትኩ አልከፈቱትም። ባለቤቴ ለምን እንዳላዩት ቢጠይቃቸው «ካየሁት ማቃጠል ያቅተኛል» አሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በባላምባራስ መጋዘን ደጅ እንጨት ተለኮሰ። እድርተኛው ዙሪያውን ቆመ። ጋሼ ምትኩ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እሳቱ ቀረቡ።

እኔ በወንዶች ፊት ተናግሬ አላውቅም። በልቤ እመቤቴን ጠራሁና ወደ ፊት ወጣሁ።

«ባላምባራስ፣ አንድ ነገር ልናገር።»

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ያን ቀን ሁላችሁም ባዶ ሣጥን አያችሁ። እኔ ባዶ አላየሁም። ልጄን ሳላለቅስለት ነው የቀበርኩት። ያን ቀን አለቀስኩለት። እናንተም ሳታውቁ አብራችሁኝ አለቀሳችሁለት። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ይቃጠል ካላችሁ ይቃጠል፤ ከመቃጠሉ በፊት ግን ልየው።»

ባላምባራስ መሬቱን በከዘራቸው ጫሩ።

«ሳያዩ መፍረድስ ፍርድ ነው?» አሉ በመጨረሻ። «መጋዘኑን ክፈቱ።»

ከቤቴ አንሶላዬን አመጣሁ። በጨው ጆንያው ክምር ላይ ተሰቀለ። በሩ ሲዘጋ ውስጡ በቀን ጨለማ ሆነ። ሰው በጆንያ ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ። ሰይድም እናቱን እትዬ ፋጤን ይዞ መጣ። ጋሼ ምትኩ ግቢያችን ውስጥ የሚያሳዩበትን ማሽን አምጥተው አስነሱ።

ፈረስ ሮጠ። ሰይድ ተመታ፣ ከፈረስ ወደቀ፣ ሞተ። ከዚያ ሜዳው መጣ። ድንኳኑ፣ ሣጥኑ፣ ጥሩምባውን አፉ ላይ አድርጎ የሚነፋው ጋሼ በየነ። ከሩቅ ሰው መምጣት ጀመረ። ከፊት አንድ ሽማግሌ አንዱ እግራቸው በጫማ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ፣ ጋቢያቸው ከኋላ እየተጎተተ ይሮጣሉ።

«ይህ ማን ነው?» አሉ ባላምባራስ ከጨለማው።

«እርስዎ ነዎት» አለ አንዱ።

«እኔ?»

«አዎ ባላምባራስ። አንዱ ጫማዎ የት ወደቀ?» አለ ጋሼ በየነ፤ መጋዘኑ በሳቅ ፈነዳ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ሰው መምጣቱን አላቆመም። ሊጥ ከእጇ ያልታጠበች ሴት መጣች። በርበሬ ያቀላው ሸማ የለበሰ ነጋዴ መጣ። አንዱ ወድቆ ተነሣ። ማንም ወደ ካሜራው አላየም። ለማን እንደሚያለቅሱ የሚያውቅ አንድም የለም፤ ሁሉም ያለቅሳል። በመጋዘኑ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ራሴን አየሁ። እንዲህ ማልቀሴን አላውቅም ነበር። ከኋላዬ በሁለት እጃቸው ወገቤን ይዘው፣ ግንባራቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው የሚያለቅሱት እትዬ ፋጤ ነበሩ። ልጃቸው በሕይወት ሻይ እንደሚጠጣ እያወቁ። ዘወር ብዬ በጨለማው ውስጥ ፈለግኋቸው። አጠገቤ ነበሩ።

«እትዬ ፋጤ፣ ለማን ነበር የሚያለቅሱት?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ለአንቺ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ሟቹ ማን እንደሆነ አውቅ ነበር።»

ፊልሙ ሲያልቅ በሩን የሚከፍት ሰው ጠፋ። ከቆይታ በኋላ ባላምባራስ «እሳቱን አጥፉት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው «ምትኩ፣ ጥፋትህ ግን አልቀረም» አሉ። «ዓመት ሙሉ ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑን አንተ ትተክላለህ። ይህንን ደግሞ ባለቤቴ አላየችም፤ ላስጠራትና እንደገና አሳየን።»

ጋሼ ምትኩ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብለው ጥቅልሉን መመለስ ጀመሩ።

ቅጣታቸውን ሳያጓድሉ ፈጸሙ። በዝናብም በፀሐይም ካስማ ሲመቱ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ፊልም ሠርተዋል፤ ሁለቱም ሳቅ ናቸው። ለእኔም እግዚአብሔር ሌላ ልጅ ሰጠኝ፤ ክርስትናው ላይ ድንኳኑን የተከሉልኝ እሳቸው ናቸው፣ ያለ ቅጣት።

እማማ ብርቄ ያረፉት ፊልሙ መጋዘን ውስጥ በታየበት ዓመት ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ጋሼ በየነ ማለዳ ጥሩምባውን ነፋ፤ ስማቸውንም በየመንገዱ ጠራ። ዝናቡ ያወርደው ነበር። ሰው ቤቱ ይቀራል ብለን ፈርተን ነበር፤ ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተ ሰፈሩ በሙሉ መጣ። እትዬ ፋጤ መጡ። ሰይድ ከሣጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ሆነ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸክሞ እዚያ ለክርስቲያኖቹ አስረከበ።

ጋሼ ምትኩ ከመቃብሩ አፍ ቆመው ነበር። እጃቸው የት እንደሚያርፍ አያውቅም፤ አንዴ ወደ ኪሳቸው፣ አንዴ ወደ ደረታቸው። ባላምባራስ ቀርበው አዩአቸው።

«ካሜራህስ፣ ምትኩ?» አሏቸው። ለፌዝ አልነበረም።

«እቤት ነው፣ ባላምባራስ» አሉ ጋሼ ምትኩ። «ዛሬ እኔ ላልቅስ።»

ባላምባራስ ጋቢያቸውን አውልቀው በጋሼ ምትኩ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላቸው፤ ራሳቸው በዝናቡ ውስጥ በኮታቸው ብቻ ከጎናቸው ቆሙ።